ማር የነካው አውራ ጣት

ነገሳ ኢቲቻ ጫማ የሚጠላ ሰው ነበር። አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ጌታው ፊታውራሪ ዓምደ ሚካኤል በየፋሲካው አንድ ጥንድ ይገዙለታል። እሱም እጅ ነስቶ ይቀበልና ወስዶ አልጋው ሥር ይደረድረዋል። ሚስቱ ዲንቄ፣ "አንተ ሰው፣ የጫማ ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?" ስትለው፣ "ፈረስ በጫማ አይሰማም" ይላታል። በቃ፣ መልሱ ይቺው ናት።

ደግሞም እውነቱን ነው። ነገሳ ፈረስ ገሪ ነው፤ አባቱም አያቱም ፈረስ ገሪዎች ነበሩ። በእነሱ ቤት ፈረስ በአለንጋ አይመታም፣ በልጓም አይጎተትም። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የባዶ እግር አውራ ጣት ነው። ከኮርቻው መታጠቂያ ወደ ኋላ፣ ፈረሱ ጎን ላይ፣ አንዲት ስፍራ አለች፤ ሌላ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢዳብስ አያገኛትም። እሷን አንዴ ጫን ሲሏት ፈረሱ ወደፊት ይራመዳል፣ ሁለቴ ሲሏት ደንገላሳ ይረግጣል፣ ጫን ብለው ሲያቆዩባት እግሩን እያጠላለፈ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ወደ ባዳ አይሻገርም። ነገሳና ዲንቄ ግን ልጅ አልነበራቸውም። ሁለት ወልደው ሁለቱንም ቀብረዋል።

የነበራቸው ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በዚያው ነጭ ነው። እናቱ በወለደችው በሦስተኛው ቀን ስትሞት፣ ነገሳ የላም ወተት በጨርቅ እያጠባ፣ ክረምቱን ከአልጋው አጠገብ እያስተኛ አሳደገው። ዲንቄ በጣም አጉረመረመች፤ ኋላ ግን ጋቢዋን የምታለብሰው እሷው ሆነች። ፈረሱ የፊታውራሪ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ቦራ ብቻ አያውቅም።

ከየካ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት፣ መኳንንቱና ፈረንጆቹ ያቋቋሙት የፈረስ ማኅበር ነበር። አራት ማዕዘን ሜዳ አጥረው፣ አሸዋ አልብሰው፣ ዙሪያውን ፊደል የተጻፈባቸው ሳንቃዎች ተክለዋል። በዚያ ላይ ፈረስ ይታያል። ሩጫ የለ፣ ዝላይ የለ፤ ፈረሱ ከፊደል ፊደል በልክ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዳኞች ጠረጴዛ ይዘው ነጥብ ይሰጣሉ። ፈረንጆቹ ድሬሳዥ ይሉታል። የሰፈሩ ሰው አይቶ ሲያበቃ "የፈረስ እስክስታ" አለው፤ ስሙ ያው ሆኖ ቀረ። የሚያሸንፈው ደግሞ፣ ጋላቢው ላዩ ላይ ቁጭ ከማለት በቀር ምንም ያላደረገ የሚመስልበት ፈረስ ነው። ነገሳ ይህን ሲሰማ ሳቀ። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነበራ!

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር አሥራ ሁለት ቀን፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲገባ ቦራ በነጋሪቱ መሀል እንደ ቄስ ረጋ ብሎ ሄደ። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ሞራ ስለለበሰው አጥርተው አላዩም፤ ሰው ሲያደንቅ ግን ሰሙ። ደስ ብሏቸው በሕዝቡ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ቦራ በማኅበሩ የግንቦት ውድድር ዋንጫ ከበላ፣ አሠልጥኖ ለዚያ ላበቃው ሰው ፈረሱን መርቄ እሰጣለሁ። ሚካኤል ምስክሬ ነው!" አሉ።

የሜዳው ዘበኛ ሽማግሌው ሰቦቃ የነገሳን ክንድ ያዘና፣ "እንግዲህ ልጅህ ያንተ ሊሆን ነው" አለው። ነገሳ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር አላሰበም። ቢበላ ቦራ፣ ቢጠጣ ቦራ።

መሰናክሉ አንድ ነው። በውድድሩ የሚጋልበው የማኅበሩ አባል፣ ያውም ቡት ጫማ ያደረገ መሆን አለበት። ፊታውራሪም የእህታቸውን ልጅ ምክትል መቶ አለቃ ሠረቀብርሃንን ላኩ። ውጭ አገር ስድስት ወር ግልቢያ የተማረ፣ ወገቡ እንደ ሴት የቀጠነ፣ ሲስቅ ሰው የሚያስቅ መልከ መልካም ነው። መጣ፣ "አንተ ነገሳ፣ አምጣው እስቲ" አለ፣ ወጣበት፣ ቡቱን ጎኑ ላይ ሲያሳርፍበት ቦራ አስፈንጥሮ ጣለው። በማግስቱም ጣለው። አንዱን ጊዜ አሸዋው ላይ፣ አንዱን ጊዜ አጥሩ ላይ ወደቀ፤ ሦስተኛው የት ላይ እንደነበር ባይነገር ይሻላል፤ እበቱ ግን ትኩስ ነበር። ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሠረቀብርሃን ሞኝ አይደለም። ነገሳ ሲወጣበት ያ ፈረስ እንደ ቅቤ እንደሚቀልጥ አይቷል። "ምን አድርገህ ነው? ንገረኝ" ቢለው፣ ነገሳ አንገቱን ደፍቶ፣ "ጌታው፣ ይህ የቤታችን ነው፤ ለልጅ ካልሆነ አይነገርም" አለ። ሠረቀብርሃን ሰቦቃን ጠየቀ፤ ሰቦቃም ነገሩ እውነት መሆኑን፣ የጡት ልጅ ግን እንደ ልጅ እንደሚቆጠር ነገረው። ሰውየው ሦስት ቀን ጠፍቶ ከረመና በአራተኛው መጥቶ፣ መለዮውን አውልቆ፣ "እንግዲያውስ ልጅ ያድርጉኝ፤ የጡት ልጅዎ ልሁን" አለው።

ወይ ጉድ! ድሀ ባለጠጋን የጡት አባት ያደርጋል፤ አሽከር ጌታውን ያደርጋል። የፊታውራሪ ዘመድ፣ የጦር መኮንን፣ ፈረስ የሚያጥበውን ሰው ጣት ልጥባ ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? ነገሳ እሺ አለው። ከዚያች ቀን በፊት "አንተ" ሲለው የነበረ ሰው "እርስዎ" አለው። ሁለት ልጅ ለቀበረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ የቀበረ ያውቀዋል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገሳ ቤት ተሰበሰቡ። ማሩ ከሰቦቃ ቀፎ የመጣ ነው። ነገሳ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ማር ውስጥ ነክሮ ዘረጋ፤ ሠረቀብርሃን ተንበርክኮ ጠባ። ሰቦቃም፣ "ከዛሬ ጀምሮ አባትህ ነው፤ ልጅህ ነው። የካደ፣ የጠባው ማር እሬት ይሁንበት" ሲል፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ "አሜን" ያለው ሠረቀብርሃን ነበር።

እንግዳው ሲሄድ ነገሳ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣ "አየሽ ዲንቄ፣ እግዜር አልረሳንም" አለ።

ዲንቄ ግን የማሩን ሳህን እያነሳች፣ "ማር ጠብቶ አፉን በመሐረብ የሚጠርግ ልጅ አይቼ አላውቅም" አለች።

"ጨዋ ስለሆነ ነዋ!"

"እንዳፍህ ያድርገው።"

በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ሥራ ተጀመረ። ቦራ የሚያውቀው ባዶ እግር ነው፤ በግንቦት ግን የሚነካው ቡት ነው። ስለዚህ ነገሳ አንድ መላ ዘየደ። ሠረቀብርሃንን ኮርቻው ላይ አስቀመጠና እሱ በእግሩ ከጎን ጎን እየሄደ፣ የእጁን አውራ ጣት እዚያች ስፍራ ላይ አደረገ። "አሁን ቡትህን አስጠጋ፤ አትርገጥ፣ አስጠጋ ብቻ" ይለዋል። ቡቱ ሲነካ እሱ በጣቱ ጫን ያደርጋል። እንግዲህ ፈረሱ የማያውቀውን ነገር ከሚያውቀው ጋር አብሮ ይሰማል ማለት ነው።

ቦራ መጀመሪያ ግራ ገባው። ጆሮው አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ነገሳ ይዞራል፤ ጎኑ ይንቀጠቀጣል። ነገሳ በኦሮምኛ፣ "ሱታ ቦራ፣ ሱታ፤ ቀስ፣ እኔ ነኝ እኮ" ይለዋል። ቦራ ድምፁን ሲሰማ ትንፋሹን ለቆ ይራመዳል። አንድ ነገር በትክክል በሠራ ቁጥር ነገሳ ከኪሱ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ያወጣና በመዳፉ ያበላዋል። ይህ የማይፈርስ ውል ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ነገሳ ቢያመው፣ ቆሎው ቀርቶ አያውቅም። "ሰው ዋሽቼ ይሆናል፤ ቦራን ግን ዋሽቼው አላውቅም" ይላል።

እንዲህ ሆነው ሁለት ወር ተኩል ከረሙ። ነገሳ ፊደሎቹን ማንበብ ስለማይችል ለእያንዳንዱ ሳንቃ ስም አወጣለት፤ አንዱ "ቆርቆሮው"፣ አንዱ "ግንዱ"፣ አንዱ ደግሞ "የሰቦቃ ጎጆ" ነው። "ከግንዱ ተነስተህ ቆርቆሮው ጋ ስትደርስ ደንገላሳ!" ብሎ ይጮኻል። ሠረቀብርሃንም እየሳቀ፣ "እሺ አባዬ" ይላል። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ ሲሮጥ ውሎ የነገሳ እግር ይቃጠላል፤ ማታ ዲንቄ በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፈች ትቆጣለች። እሱ ግን "ልጄ ዛሬ እንዴት እንደተቀመጠ ብታይው!" እያለ ያወራላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ቦራ ወደ ጎን እየሄደ ሳለ ነገሳ ቀስ ብሎ ጣቱን አነሳ። ቡቱ ብቻ ቀረ። ቦራ አልቆመም። እግሩን እያጠላለፈ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሲጨርስም ዞሮ ነገሳን አየው፤ "ልክ ነኝ?" የሚል ይመስላል። ነገሳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ደስታው ሊገድለው ምንም አልቀረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ቦራ ያለ ነገሳ ምንም አድርጎ አያውቅም ነበር።

ሠረቀብርሃን ዘሎ ወርዶ አቀፈው። "አባዬ! ፊታውራሪ 'ማነው ያሠለጠነው?' ሲሉ ምን እንደምል ያውቃሉ? 'አባቴ ነው' ነው የምለው። ቦራ ከርስዎ ደጅ አይወጣም፤ ይሙቱ!"

ነገሳ ቆሎውን ለቦራ ሰጠና የተረፈውን ለሠረቀብርሃን ዘረጋለት። ሁለቱም በሉ።

የውድድሩ ቀን ነገሳ ጉድ ሠራ፤ ጫማ አደረገ። ሲጠሩት በባዶ እግር ጌታው ፊት እንዳይቀርብ ብሎ፣ ከአልጋው ሥር ካሉት አዲሱን መርጦ ተጫማ። ጫማው እየነከሰው ከገመዱ ውጭ ከሰቦቃ ጋር ቆመ። ቦራ ገባ። እንዴት ብሎ ይነገራል! ጋላቢው እንደ ሐውልት ተቀምጧል፤ ፈረሱ ግን ሐሳቡን እያነበበ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ግንዱ ጋ ዞረ፣ ቆርቆሮው ጋ ደንገላሳ ረገጠ፣ የሰቦቃ ጎጆ ጋ አራት እግሩን ገጥሞ ቀጥ አለ። ሠረቀብርሃን "ሱታ፣ ሱታ" እያለ ሲያናግረው ነገሳ ከንፈሩን አንብቦ እንባው መጣ። ፈረንጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። ዋንጫው የቦራ ሆነ።

ፊታውራሪ በከዘራ ተደግፈው ከዳስ ወጡ። "ቃሌ ቃል ነው! ማነው ይህን ፈረስ አሠልጥኖ ለዚህ ያበቃው?" አሉ።

ነገሳ ገመዱን ዝቅ አድርጎ ለመሻገር እግሩን አነሳ።

"እኔው ነኝ ጋሼ" አለ ሠረቀብርሃን።

ነገሳ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። እየተንገዳገደ ገባና፣ "ጌታዬ፣ እኔ እኮ..." አለ።

ሠረቀብርሃን ሳቅ ብሎ፣ "ነገሳ በጣም ደክሟል ጋሼ። ገብሱን በሰዓቱ ይሰጣል፣ ያጥባል። ሊመሰገን ይገባዋል" አለ።

እዚህ ላይ ነገሳ ደሙ ፈላ። የቀኝ እጁን አውራ ጣት ወደ ላይ ቀስሮ፣ "በጠባኸው ጣት ማል! ማል እስቲ! በሚካኤል ፊት፣ ማን እንዳሠለጠነው ተናገር!" ብሎ ጮኸ።

"የምን ጣት ነው የሚያወራው?" አሉ ፊታውራሪ።

ሰቦቃ ወደፊት ወጣ። "እውነት ነው ጌታዬ። ማሩ ከኔ ቀፎ ነው፤ እኔ ፊት ጠብቷል። መቶ አለቃ የነገሳ የጡት ልጅ ናቸው።"

ሠረቀብርሃን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ፊታውራሪ ግን ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ፤ ነገር ያወቁ መስሏቸው ነው። "እንግዲያው ምን ያጣላችኋል? ልጅህ ከሆነ፣ ለልጅህ ተሰጠ። የልጅ ሀብት የአባት አይደለም እንዴ? አባት በልጁ ይቀናል?"

"እውነት! ትልቅ ፍርድ!" አለ ሕዝቡ። ተጨበጨበ። ሠረቀብርሃንም ዕድሉን አላሳለፈም፤ መጥቶ በሰው ሁሉ ፊት የነገሳን ትከሻ ሳመ። ሲስመው በጆሮው፣ "አንተ ነገሳ፣ እንዳታዋርደኝ!" አለው።

ያቺ "አንተ" ከሁሉም በላይ ቆረጠችው። ነገሳ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ቦራ ከኋላው ሲያሽካካ ሰምቷል፤ አልዞረም። ዲንቄ ታሪኩን ቀድሞ ከደረሰው ከሰቦቃ ሰምታ ጠበቀችው። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" አለችና፣ ፊቱን ስታይ ተጸጽታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"'ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ' ይላሉ" አለ ነገሳ። "ውሸታቸውን ነው። እኔን የጣለኝ ፈረስ አይደለም።"

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ጋ ድርሽ አልልም ብሎ ማለ። ፊታውራሪ ቢያስጠሩት ታምሜአለሁ አለ፤ ደግሞም ታሞ ነበር። በልቡ ግን አንድ ተስፋ ቀርታዋለች፤ ቦራ እዚያው ጋጣው ውስጥ ነው፣ ከቤቱ ሲያሽካካ ይሰማል፤ አንድ ቀን ንዴቱ ሲበርድ ሄዶ ያየዋል።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ ሰቦቃ እያለከለከ መጣ። "ነገሳ፣ ተነስ! መቶ አለቃ ወደ ሐረር ተዛውረው ቦራን ሊወስዱት ነው። መኪናው ላይ አልወጣም አለ፤ እየገደሉት ነው!"

ዲንቄ በሩ ላይ ቆመች። "አትሂድ! ልጅ ነኝ ያለው ይጫነው። ዋንጫ የበላው ይጫነው!"

ነገሳ በጎን አልፏት ሮጠ፤ ባዶ እግሩን ነበር።

ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ ሳንቃ ተዘርግቶለት ቆሟል። አራት ወታደሮች በገመድ ይጎትታሉ፣ አንዱ ከኋላ በአለንጋ ይገርፋል። ቦራ አራት እግሩን ጭቃ ውስጥ ተክሎ አሻፈረኝ ብሏል። ልጓሙ አፉን ቀዶት ደም ያዘራል፤ ያ በአለንጋ ተነክቶ የማያውቅ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ሠረቀብርሃን አጠገቡ ቆሞ "ሱታ! ሱታ!" እያለ ይጮኻል፤ በቁጣ ሲሉት ያ ቃል የስድብ ያህል ነው። ቦራ ነገሳን ሲያይ አንዴ አሽካክቶ መታገሉን ተወ። መጣልኝ ብሎ ነው።

"አባዬ!" አለ ሠረቀብርሃን፤ አባዬነቱም እርስዎነቱም ተመልሰው መጡ። "እንኳን ደረሱልኝ። እርስዎን ነው የሚሰማው፤ እባክዎ ይጫኑልኝ።"

"አልወጣም ካለስ፣ መቶ አለቃ?"

"ካልወጣ እግሩን ጠልፈን ጥለነው በገመድ እንጎትተዋለን። ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው፤ ዛሬ አዋሽ ማደር አለብን።"

ነገሳ ወታደሮቹን ገለል አድርጎ ወደ ቦራ ጎን ሄደ። ግንባሩን አሸው፤ ቦራ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ ጣለበት። የነገሳ እጅ በልማድ ወደዚያች ስፍራ ወረደ። ሁለቴ ጫን ቢላት ቦራ ገመዱን በጥሶ ደንገላሳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይሮጣል፤ እነዚህ ልጆች አይደርሱበትም። ከዚያስ? ልጓም አፉ ውስጥ፣ ገመድ አንገቱ ላይ፤ ወይ ዛፍ ላይ ተጠልፎ ጅብ ይበላዋል፣ ወይ ይዘውት ዛሬ ከገረፉት አሥር እጥፍ ይገርፉታል። ነገሳ ይህን ሁሉ አሰበ። የሚያስብ ሰው መሆኑን በዚያች ሰዓት ጠላው።

"ሱታ ቦራ" አለው። "እኔ ነኝ።"

አንዴ ጫን አደረገ፤ በዚያው ማር በነካው ጣት።

ቦራ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አላሳየም። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ፣ ሳንቃው ላይ ወጣ፣ ጨለማው ውስጥ ገባ፣ አራት እግሩን ገጥሞ ቆመ። በሜዳው ላይ እንደተማረው፣ በልክ። ወታደሮቹ "አቤት!" አሉ። ከዚያ ቦራ አንገቱን አዙሮ ነገሳን ይጠብቅ ጀመር። የሚጠብቀው ቆሎውን ነው። ሥራውን በትክክል ሠርቷላ።

ነገሳ ኪሱን ዳበሰ። ሲሮጥ ስለመጣ ባዶ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ አባዬ፣ ውለታዎን..." አለ ሠረቀብርሃን። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ። መኪናው ቁልቁል ሲሄድ፣ በእንጨቱ ክፍተት የቦራ ነጭ ግንባር ወደ ኋላ እንደዞረ ይታይ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ዲንቄ በሩ ላይ እንደቆመች ናት። የመኪናውን ድምፅ ሰምታለች።

"ወሰዱት?"

"ወሰዱት።"

"ያ ሁሉ ሰው አቅቶት አልነበረም እንዴ? ማነው የጫነው ታዲያ?"

ነገሳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

"እኔው ነኝ" አላት።